በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፦ በእርግዝና ጊዜ ስለሚወጣ ኪንታሮት

(በማኅበራችን የእናቶች ጤና ውይይት ላይ የቀረበ ንግግር)



ባለፉት ውይይቶቻችን ስለ ምጥ፣ ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ጡት ማጥባትና ስለ ቤተሰብ ምጣኔ ተነጋግረናል። የዛሬው ጉዳይ ግን ቡና ላይ የማይነሳ፣ ለባል የማይነገር፣ በክትትል ክፍል ውስጥ እንኳ «ሌላ የሚያስቸግርሽ ነገር አለ?» ስንባል «ምንም የለም» ብለን የምናልፈው ነው። በእርግዝና ጊዜ በመቀመጫ ላይ ስለሚወጣ ኪንታሮት እንነጋገራለን። ርእሱ ሲጠራ ነጠላዋን ወደ አፏ የምታስጠጋ ብትኖር አንቀየምም፤ እኛም ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ እርስ በርስ እየተያየን ስቀናል። ከሳቁ በኋላ ግን ከመካከላችን ብዙዎቹ በአንዱ እርግዝና ወይም በአራስነት ጊዜ ሕመሙን እንደሚያውቁት ተረዳን።

አባቶችና እናቶች «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። ኪንታሮት በእርግዝና ጊዜ በጣም የተለመደ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም በቤት ውስጥ በሚደረግ እንክብካቤ ይታገሣል፣ ከወሊድ በኋላም በሳምንታት ውስጥ ይቀንሳል። ስንደብቀው ግን ሦስት ጉዳት ያመጣብናል። አንደኛ፣ ሆድ አደረቀን ብለን ለእኛና ለልጃችን የሚያስፈልገውን የአይረን ክኒን እንተዋለን። ሁለተኛ፣ ሐኪም ከማናገር ይሻላል ብለን ምንነቱን የማናውቀውን መድኃኒት እንቀባለን ወይም እንጠጣለን። ሦስተኛ፣ ደም ሲታየን «ያው ኪንታሮቱ ነው» ብለን ቤት እንቀመጣለን፤ ደሙ ግን ከማሕፀን የመጣ ሊሆን ይችላል። የዛሬው ንግግራችን በእነዚህ ሦስት ጉዳቶች ዙሪያ ነው።

አንድ ስም፣ ብዙ በሽታ

አስቀድመን ስሙን እናጥራ። በአማርኛ «ኪንታሮት» የምንለው አንድ በሽታ አይደለም። እጅና እግር ላይ የሚበቅለውን ቆዳ ኪንታሮት እንለዋለን። በብልት አካባቢ በቫይረስ ምክንያት የሚወጣውንም ኪንታሮት እንለዋለን። በፊንጢጣ ያለው የደም ሥር ሲያብጥና ሲወጣም ስሙ ያው ኪንታሮት ነው። ሦስቱ የተለያዩ ናቸው፤ ሕክምናቸውም የተለያየ ነው።

ይህ የቃላት ጉዳይ ብቻ አይደለም። እጅ ላይ ያለ ኪንታሮት በሚያቃጥል መድኃኒት ሊነሳ ይችላል። ያንኑ መድኃኒት ባበጠ የደም ሥር ላይ ማድረግ ግን ቁስልና መድማት ያስከትላል። የብልት ኪንታሮትን ለማከም ከሚያገለግሉት መድኃኒቶች መካከልም ፖዶፊሊን የሚባለው ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። በመቀመጫ አካባቢ የሚወጣ እብጠት የቂጥኝ ምልክት የሚሆንበት ጊዜም አለ፤ ቂጥኝ ደግሞ ሳይታከም ከቀረ ወደ ጽንሱ ይተላለፋል። ስለዚህ «ኪንታሮት አለብኝ» ብሎ ከሰው መድኃኒት መቀበል አይበቃም። አንድ ጊዜ በባለሙያ ታይቶ የትኛው እንደሆነ መታወቅ አለበት። ከዚህ በኋላ «ኪንታሮት» ስንል የፊንጢጣውን የደም ሥር እብጠት ማለታችን ነው።

ለምን በእርግዝና ጊዜ?

በፊንጢጣችን ውስጥ ማንኛውም ሰው ያለው፣ ሰገራና አየር እንዳያመልጥ የሚያግዝ፣ በደም ሥር የተሞላ ለስላሳ ሥጋ አለ። ይህ ሥጋ ሲያብጥና ሲላላ ኪንታሮት ይባላል። ወደ ውስጥ ያለው ብዙ ጊዜ አያምም፤ ሰገራ ስንወጣ ደማቅ ቀይ ደም ያሳያል፣ አንዳንዴም ወደ ውጭ ይወጣና ይመለሳል። ወደ ውጭ ያለው ደግሞ ያሳክካል፣ ያቃጥላል፣ ስንቀመጥም ይሰማናል።

እርግዝና ይህን የሚያባብስባቸው ምክንያቶች ግልጽ ናቸው። በሰውነታችን የሚዘዋወረው ደም ከወትሮው ከ40 እስከ 50 በመቶ ያህል ይጨምራል። ማሕፀን እያደገ ሲሄድ ከታች የሚመለሰውን ደም ይጫናል። ፕሮጄስትሮን የተባለው ሆርሞን የደም ሥሮችን ያላላል፣ አንጀትንም ያዘገያል። አንጀት ሲዘገይ ሰገራ ይደርቃል፤ ሲደርቅ እናምጣለን፤ ስናምጥ የደም ሥሩ ይበልጥ ያብጣል። ስለዚህ ሕመሙ በብዛት የሚታየው በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራትና ከወሊድ በኋላ ባሉት ቀናት ነው።

ይህን ያልነው በአንድ ምክንያት ነው። በመካከላችን ኪንታሮት የሚመጣው «በንጽሕና ጉድለት ነው»፣ «ድንጋይ ላይ ስለተቀመጠች ነው»፣ አልፎም «በእርግማን ነው» የሚሉ አሉ። ነፍሰ ጡሯ ያጠፋችው ነገር የለም። ሕመሙ እንደ እግር እብጠትና እንደ ቃር ሁሉ ከእርግዝናው ጋር የመጣ ነው። የሚያሳፍር ነገር የለውም።

የአይረኑን ክኒን አንተው

አሁን ወደ መጀመሪያው ጉዳት እንሂድ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው የእርግዝና ክትትል መመሪያ፣ ነፍሰ ጡር ሴት በየቀኑ ከ30 እስከ 60 ሚሊ ግራም አይረንና 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ እንድትወስድ ይመክራል። ጤና ጣቢያ የሚሰጠን ቀይ ክኒን ይህን የያዘ ነው። ምክንያቱም በእርግዝና ጊዜ የደም ማነስ ለእናትም ለልጅም አደገኛ ነው፤ በደም ማነስ ውስጥ ሆና የምትወልድ እናት በወሊድ ጊዜ የሚፈሳትን ደም የመቋቋም አቅሟ አነስተኛ ነው።

ክኒኑ ግን ሆድ ሊያደርቅ ይችላል፤ ይህ እውነት ነው። ስለዚህ ብዙ ሴቶች ክኒኑን ይቀበሉና ቁም ሣጥን ውስጥ ያስቀምጡታል። በሚቀጥለው ክትትል «ትወስጂያለሽ?» ሲባሉ «አዎ» ይላሉ። ነገሩን አስቡት፤ በኪንታሮት ምክንያት ደም የሚፈሳት ሴት፣ ደሟን የሚተካላትን ክኒን የተወችው በዚያው በኪንታሮት ምክንያት ነው። ጉዳቱ በሁለት በኩል ይመጣባታል።

መፍትሔው ክኒኑን መጣል ሳይሆን መናገር ነው። ባለሙያው የሚወሰድበትን ሰዓት ወይም የክኒኑን ዓይነት ሊቀይርልን፣ ለድርቀቱም ለእርግዝና የሚስማማ ማለስለሻ ሊያዝልን ይችላል። እኛም በቤታችን የምናደርገው አለ። ክኒኑ ሆድ ከረበሸን ከምግብ ጋር ወይም ማታ ከመተኛታችን በፊት እንውሰደው። በቡናና በሻይ አናወራርደው፤ ሁለቱም አይረኑ ወደ ደማችን እንዳይገባ ይቀንሱታል። ከቡናው በፊትም ሆነ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት፣ ቢቻል ሁለት ሰዓት እንጠብቅ። ብርቱካን ወይም ሎሚ ያለበት ነገር ግን ያግዘዋል። ክኒኑን ስንወስድ ሰገራችን ቢጠቁር አንደንግጥ፤ የአይረኑ ቀለም ነው። እንደ ሬንጅ የሚያጣብቅና ከባድ ሽታ ያለው ጥቁር ሰገራ ከማዞር ጋር ከመጣ ግን ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል።

ከጓዳችን የሚገኘው መድኃኒት

ለኪንታሮት ዋናው ሕክምና ሰገራን ማለስለስ ነው። ቅባቱም ማስታገሻውም ከዚህ በኋላ ይመጣል። ሰገራ የሚለሰልሰው በሁለት ነገር ነው፤ በውሃና በአሰር። አሰር የምንለው ባለሙያዎች ፋይበር የሚሉትን፣ በእህል ልጣጭ፣ በጥራጥሬ፣ በአትክልትና በፍራፍሬ ውስጥ ያለውን የማይፈጭ ነገር ነው።

ደጋፊዎቻችን ይህን ሲሰሙ ውድ ምግብ የምንጠይቅ እንዳይመስላቸው። የጤፍ እንጀራ፣ የገብስ ቆሎ፣ የስንዴና የባቄላ ንፍሮ፣ ምስር፣ ሽንብራ፣ ጎመን፣ ካሮት፣ ዱባ፣ የበሰለ ፓፓያ፣ ብርቱካን፤ እነዚህ ሁሉ አሰር አላቸው። ነጭ ሩዝ፣ መኮሮኒና የፉርኖ ዱቄት ዳቦ ግን አነስተኛ ነው ያላቸው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ የምግብ ማስተካከያ አልበቃ ሲል ለድርቀት የስንዴ ፉርሽካ ወይም ሌላ አሰር እንዲጨመር ይላል። እኛ ዱቄት ነፍተን ፉርሽካውን ለከብት እንሰጣለን። ከመኖ መሸጫ የሚገዛው ለሰው በሚሆን ንጽሕና የተዘጋጀ ስላልሆነ እሱን አንብላ፤ ይልቅ ስንዴያችንን አስፈጭተን ሳንነፋ እንጋግረው። ተልባ የለመድን እንደ ምግብ በመጠኑ፣ ከብዙ ውሃ ጋር፣ ለክትትል ባለሙያችንም ነግረን እንውሰድ። አሰር ስንጨምር ቀስ በቀስ ይሁን፤ በአንድ ጊዜ ካበዛነው ሆድ ይነፋል።

አሰር ያለ ውሃ ድርቀቱን ሊያብሰው ይችላል። በቀን ከስምንት እስከ አሥር ብርጭቆ ውሃ እንጠጣ። እንጀራ ጋጋሪዎቻችን እሳት ዳር ስለሚውሉ ከዚህም በላይ ያስፈልጋቸዋል። ሽንታችን ጠቆር ያለ ቢጫ ከሆነ ውሃ አንሶናል ማለት ነው።

ጾምም መነሳት አለበት። የጾም ምግባችን ጥራጥሬና አትክልት ስለሆነ ለዚህ ሕመም ጥሩ ነው። የሚያስቸግረው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ወይም እስከ ማፍጠሪያ ያለ ውሃ መዋሉ ነው። ክርስቲያን እህቶች ከነፍስ አባታቸው ጋር ይነጋገሩ፤ ሙስሊም እህቶችም ሃይማኖታቸው ለነፍሰ ጡር የሰጠውን ፈቃድ ያውቃሉ። ሁለቱም እምነቶች ለነፍሰ ጡር ይራራሉና በዚህ ማንም ራሷን አትውቀስ።

ሽንት ቤት የመሄድ መብት

በማኅበራችን ብዙዎቹ ጉልት ላይ የሚውሉ ናቸው። ጠዋት ወጥተው ማታ ይመለሳሉ። የሚውሉበት ቦታ መጸዳጃ ከሌለው፣ ወይም ካለው መጸዳጃ በሩ የማይዘጋ ከሆነ፣ ሰገራቸውን ይይዛሉ። በገጠር ያሉ እህቶቻችንም እስኪመሽ የሚጠብቁበት ጊዜ አለ። ሰገራ ሲያዝ አንጀት ውሃውን ይመጠዋል፣ ይደርቃል፤ ማታ ሲሞከር ምጥ ይሆናል። ስለዚህ ለኪንታሮት ከሚሰጡት ምክሮች ሁሉ «ሲመጣ አትያዢው» የሚለው ለመናገር ቀላል፣ ለማድረግ ግን ለብዙዎቻችን ከባዱ ነው። ይህ በእኛ ጥንካሬ ብቻ የሚፈታ አይደለም፤ ወደ መጨረሻው እንመለስበታለን።

በእጃችን ያለውን ግን እናድርግ። ጠዋት ከቁርስ በኋላ አንጀት ስለሚነቃ ያን ሰዓት ለራሳችን እንያዝ፤ ቤተሰብም አሥር ደቂቃ ይልቀቀን። መቁጠጥ ለሰገራ ጥሩ አቀማመጥ ነው። መቀመጫ ባለው ሽንት ቤት የምንጠቀም ደግሞ እግራችንን ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ እናሳርፍ፣ ጎንበስ እንበል። ትንፋሽ ይዘን አናምጥ። ካልመጣ ተነስተን በኋላ እንመለስ፤ ስልክ ይዘን ረጅም ጊዜ መቀመጥ እብጠቱን ያብሳል። ስንጨርስ በውሃ እንታጠብ፣ ከፊት ወደ ኋላ። ጋዜጣና ሻካራ ወረቀት ያቆስላል። ሳሙናም አያስፈልግም፤ በለስላሳ ጨርቅ ጫን ጫን አድርጎ ማድረቅ ይበቃል።

ጉልት ላይ ስንውል በየሰዓቱ ተነስተን ጥቂት እርምጃ እንራመድ። ስንተኛ በጎናችን፣ በተለይ በግራ ጎናችን እንተኛ፤ ማሕፀኑ የደም ሥሩን እንዳይጫነው ያግዛል። 20 ሊትር ውሃ የያዘ ጀሪካን 20 ኪሎ ነው። ነፍሰ ጡር እሱን ጀርባዋ ላይ ስታዝል ጫናው ወደ ታች ይወርዳል። ባሎቻችንና ታላላቅ ልጆቻችን ውሃ መቅዳቱን ቢረከቡ ከማንኛውም ቅባት ያልተናነሰ ሕክምና ነው።

ሕመሙ ሲበረታ

ሲያሳክክና ሲያቃጥል ሳፋ ውስጥ ለብ ያለ ንጹሕ ውሃ አድርገን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ እንቀመጥበት፤ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ በተለይ ከሰገራ በኋላ። ውሃው የሚያቃጥል አይሁን። በረኪና፣ ዴቶልም ሆነ ሌላ ነገር አይጨመርበት፤ ውሃው ብቻ ይበቃል። ሳፋው ለዚህ ብቻ የተለየ ይሁን። ሲያብጥ ደግሞ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ለጥቂት ደቂቃ ማድረግ እብጠቱን ይቀንሳል። በረዶ ካገኘን በጨርቅ እንጠቅልለው እንጂ በቀጥታ ቆዳ ላይ አናድርገው። ከውስጥ የወጣ ካለ ከታጠብን በኋላ ጣታችንን ቫዝሊን ቀብተን በቀስታ ወደ ውስጥ መመለስ ይቻላል። በግድ ግን አይደለም።

ቅባትና በፊንጢጣ የሚገባ መድኃኒት በፋርማሲ አለ። የሚያደነዝዝ ወይም ሃይድሮኮርቲዞን ያለበት ሊሆን ይችላልና ነፍሰ ጡር መሆናችንን ተናግረን፣ በባለሙያ ትእዛዝ፣ ለአጭር ጊዜ ብቻ እንጠቀም። ለድርቀት ላክቱሎስ የተባለው ፈሳሽ ለነፍሰ ጡር ከሚታዘዙት አንዱ ነው። ለሕመም ማስታገሻ ባለሙያ የሚመርጥልን ፓራሲታሞልን ነው። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ግን፣ በተለይ ከ20ኛው ሳምንት በኋላ፣ የጽንሱን ኩላሊትና ልብ ሊጎዱ ስለሚችሉ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አንውሰድ። «አንድ መርፌ ብቻ ውጉኝና ልሂድ» ከማለታችን በፊት የመርፌውን ስም እንጠይቅ።

በእርግዝና ጊዜ ኪንታሮት በኦፕራሲዮን የሚነሳው ሌላ መንገድ ሲጠፋ ብቻ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ እስከ ወሊድ ይጠበቃል። አንድ ለየት ያለ ሁኔታ ግን እንወቅ። በድንገት ጠንካራ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ፣ ለመቀመጥ እንኳ የማያስችል እብጠት ከወጣ፣ ውስጡ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ከደረስን ሐኪም ቦታውን አደንዝዞ የረጋውን ደም ሊያወጣው ይችላል። አፍረን አንድ ሳምንት ከቆየን ግን ሕመሙን ተሸክመን መጠበቅ ይሆናል።

ከመንገድ ዳር መድኃኒት እንጠንቀቅ

ሁለተኛው ጉዳት ይህ ነው። በየከተማችን «ኪንታሮትን ያለ ኦፕራሲዮን እናድናለን» የሚሉ ሰሌዳዎች እናያለን። የባህል ሕክምናን ሁሉ አንነቅፍም፤ እናቶቻችን ያስተማሩን ብዙ መልካም ነገር አለ። የምንቃወመው የሚያቃጥል ዱቄት መቀባትን፣ በክር ማሰርን፣ ምንነቱ ያልታወቀ መርፌ መወጋትን ነው። ቁስሉ ሊያመረቅዝ፣ ሲድን ፊንጢጣን ሊያጠብ፣ ሰገራ የሚይዘውን ጡንቻም ሊጎዳ ይችላል። ሰገራዋን መቆጣጠር የተሳናት ሴት የምትኖረውን ኑሮ ማኅበራችን በሌላ ምክንያት ከተጎዱ እህቶች አይቶታል፤ ስለዚህ ነገሩን አክብደን እንናገራለን።

ሆድ ለማጠብ ተብለው የሚወሰዱትም እንዲሁ ናቸው። ኮሶ፣ ሬትና የጉሎ ዘይት ለነፍሰ ጡር አይሆኑም። አንጀትን በኃይል ሲያንቀሳቅሱ ማሕፀንንም ሊያነሳሱ፣ ከባድ ተቅማጥና የፈሳሽ እጥረትም ሊያመጡ ይችላሉ። «አያቴ ወስዳ ምንም አልሆነችም» የሚለው ዋስትና አይሆነንም።

ደሙ ከየት ነው?

ሦስተኛው ከሁሉም የከበደ ነው። የኪንታሮት ደም ደማቅ ቀይ ነው፤ ሰገራ ስንወጣ ወይም ስንታጠብ ይታያል፣ ሰገራው ላይ ይቀባል፣ አንዳንዴም ጠብ ጠብ ይላል። ከማሕፀን የሚመጣ ደም ግን ሰገራ ባንወጣም ይመጣል፣ የውስጥ ልብስ ላይ ከፊት በኩል ይገኛል። ጥርጣሬ ካለን ታጥበን ንጹሕ ሞዴስ ወይም ነጭ ጨርቅ እናድርግና ደሙ የት ላይ እንዳረፈ እንይ። ከፊት ከሆነ፣ ወይም መለየት ካልቻልን፣ ሌሊትም ቢሆን ጤና ተቋም እንሂድ። በመጨረሻዎቹ ወራት ያለ ሕመም የሚፈስ ደም የእንግዴ ልጅ ችግር ሊሆን ይችላል፤ ሰዓት አይሰጥም። በእርግዝና ጊዜ ከማሕፀን የሚመጣ ደም ትንሽ የለውም።

ከፊንጢጣ መሆኑ ቢታወቅም በሚከተሉት ጊዜ ሳንዘገይ እንሂድ፦ ደሙ አልቆም ሲል ወይም ሲበዛ፤ ሲያዞረን፣ ልባችን ሲመታ፣ ጥቂት ስንራመድ ትንፋሽ ሲያጥረን፤ የወጣው አልመለስ ሲልና ሲጠቁር፤ ትኩሳት ወይም መግል ሲኖር፤ ለአንድ ሳምንት ተንከባክበነው ካልተሻለ። ሰገራ ስንወጣ እንደ ምላጭ የሚቆርጥ ሕመም ካለ ደግሞ ኪንታሮት ሳይሆን የፊንጢጣ መሰንጠቅ ሊሆን ይችላል፤ እሱም ሕክምና አለው።

በወሊድና በአራስ ቤት

ኪንታሮት ስላለባት ብቻ በኦፕራሲዮን መውለድ ያለባት ሴት የለችም። በምጥ ጊዜ ሊያብጥ ስለሚችል ለአዋላጇ አስቀድመን እንንገራት፤ መቼና እንዴት እንደምናምጥ ትመራናለች።

በአራስ ቤት ደግሞ ገንፎው፣ ቅቤው፣ አጥሚቱና ሥጋው ይቀርባል፤ ጎመንና ውሃ ይረሳል። አራስ መጠየቅ የምንሄድ እህቶች ገንፎውን ሳይነፋ በተፈጨ ገብስ እናዘጋጅ፣ ፓፓያ ወይም ብርቱካን በዘንቢል ይዘን እንሂድ። የምታጠባ እናት ብዙ ውሃ ያስፈልጋታል። አራሷ የተሰፋች ከሆነ ሰገራ መውጣት ትፈራለች፤ ፈርታ ስትይዝ ይደርቃል። «አይዞሽ፣ ስፌቱ አይፈታም» የሚላት ሰው ያስፈልጋታል። ይህን ማለት የአማቶችና የእናቶች ድርሻ ነው።

እንዴት እንናገር?

የእርግዝና ክትትል በመንግሥት ጤና ጣቢያ ያለ ክፍያ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም አንዲት ነፍሰ ጡር ቢያንስ ስምንት ጊዜ ከባለሙያ ጋር እንድትገናኝ ይመክራል። በእነዚህ ጊዜያት ውስጥ አንዱን ለዚህ እናውለው። ቃሉ ከከበደን ይህን እንበል፦ «መቀመጫዬ ላይ እብጠት አለኝ፤ ሰገራ ስወጣ ደም ይታየኛል፤ ክኒኑም ሆዴን ያደርቀኛል።» ሦስት ሐረግ ነው። ባለሙያው ወንድ ከሆነና ካፈርን፣ ሴት ባለሙያ ካለች መጠየቅ እንችላለን፤ የምንተማመንባትን እህት ይዘንም መግባት እንችላለን። ምርመራው አብዛኛውን ጊዜ በጎን ተኝቶ ለአጭር ጊዜ መታየት ነው። ወደ ቤታችን የምትመጣው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያም ትሰማናለች፤ ወደሚመለከተው ትልከናለች።

ለደጋፊዎቻችን

ውድ ደጋፊዎቻችን፣ በዚህ ጉዳይ ከእናንተ የምንጠይቀው ውድ መድኃኒት አይደለም። የጉልት ሴቶች በሚውሉበት አካባቢ በሩ ከውስጥ የሚቆለፍ፣ ውሃ ያለው መጸዳጃ እንዲኖር አብራችሁን ጠይቁ፣ አብራችሁን ሥሩ። በክትትል ክፍሎች ውስጥ ሴት ልብሷን ስታወልቅ የሚከልላት መጋረጃ እንዲኖር እርዱን። ለአራሶች በምንወስደው ስጦታ ላይ አንድ ሳፋ መጨመር እንድንችል አግዙን። መጋረጃ በሌለበት ክፍል ውስጥ «ለምን አልተናገርሽም?» ብሎ ሴትን መውቀስ ተገቢ አይደለም።

እህቶች፣ ዛሬ ወደ ቤታችን ስንመለስ እያንዳንዳችን ለአንዲት ነፍሰ ጡር፣ ለጎረቤትም ይሁን ለእህት ወይም ለምራት፣ ሦስት ነገር እንንገር፦ ክኒንሽን አትተዪ፣ የማታውቂውን አትቀቢ፣ ደም ካየሽ ከየት እንደሆነ እወቂ። ይህን የነገርናት ሴት በሚቀጥለው ክትትሏ «ሌላ የሚያስቸግርሽ ነገር አለ?» ስትባል፣ «አዎ፣ አለ» ለማለት ድፍረት ታገኛለች።

 አሁን ቡናው እስኪደርስ ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁ፤ በሁሉም ፊት መጠየቅ የከበዳት በወረቀት ጽፋ፣ ስሟን ሳትጠቅስ፣ በሩ አጠገብ ባለው ሣጥን ውስጥ ትክተት። በሚቀጥለው ወር ከጤና ጣቢያ በምንጋብዛት አዋላጅ መልስ እናሰጣለን።